የሐኪሞችን ስህተት የቆጠሩት ሐኪም፡ ሪቻርድ ካቦት

ሐኪም ሲሳሳት ስህተቱን አፈር ይሸፍንለታል የሚል አነጋገር በብዙ ሕዝቦች ዘንድ አለ። ገበሬ ዘር ቢሳሳት በመኸር ይታይበታል፤ ግንበኛ መሠረት ቢያጣምም ግድግዳው ይመሰክርበታል። በሽታው ሳይታወቅ የሞተ ሰው ግን ሲቀበር የሐኪሙም ስህተት አብሮ ይቀበራል። ማንም አይጠይቅም፤ ሐኪሙም አይማርም። አሜሪካዊው ሐኪም ሪቻርድ ክላርክ ካቦት ይህን ልማድ አልተቀበሉም። ሐኪሞች በሕይወት ለነበረ ሕመምተኛ የሰጡትን የበሽታ ስም ከሞት በኋላ በአስከሬን ምርመራ ከተገኘው ጋር ጎን ለጎን አስቀመጡ፤ ምን ያህሉ እንደተገጣጠመ፣ ምን ያህሉ እንደተፋለሰ ቆጠሩ፤ ውጤቱንም ለዓለም በይፋ አሳተሙ። ይህ ሥራቸው ብዙ ወዳጅ አላፈራላቸውም። ለሕክምና ትምህርት ግን እስከ ዛሬ የሚሠራበት መንገድ ትቶለት አልፏል።

ካቦት የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1868 በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ከቦስተን ከተማ አጠገብ በምትገኘው ብሩክላይን ነው። ቤተሰባቸው በቦስተን ከታወቁት ነባር ባለጸጎች አንዱ ነበር። አባታቸው ጄምስ ኤሊየት ካቦት ደግሞ የፍልስፍና ሰው ነበሩ፤ የታዋቂው አሳቢና ደራሲ የራልፍ ዋልዶ ኤመርሰን ወዳጅ፣ በኋላም የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊ ሆነዋል። ልጅየው ያደጉት እውነትና ግብረ ገብ የዕለት ጨዋታ በሆነበት ቤት ነው። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡም መጀመሪያ የሳባቸው ፍልስፍና ነበር። በ1889 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አግኝተው ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ተሻገሩ፤ በ1892 በሕክምና ዶክተርነት ተመረቁ። ስቴቶስኮፕ ሲያነግቱም የፍልስፍናውን ጥያቄ አልጣሉትም። አንድ ሰው አንድን ነገር አውቃለሁ ሲል በምን ማስረጃ ነው የሚለው ጥያቄ እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ አብሯቸው ኖሯል።

ዘመኑ ሕክምና ከግምት ወደ ቤተ ሙከራ የሚሸጋገርበት ነበር። የቲቢና የኮሌራ ተሕዋስያን ከታወቁ ገና ብዙ ዓመት አልሆናቸውም። ወጣቱ ሐኪም ዓይናቸውን የጣሉት በደም ላይ ነው። አንዲት ጠብታ ደም በአጉሊ መነጽር ሥር ስትታይ ስለ ታማሚው ምን እንደምትናገር መርምረው በ1896 ስለ ደም ምርመራ መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ቋንቋ በዘርፉ ከተጻፉት ቀዳሚዎች አንዱ ነበር፤ ደጋግሞም ታትሟል። በአንዳንድ የደም ሕመሞች ጊዜ በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ የሚታዩት የቀለበት ቅርጽ ያላቸው ምልክቶች እስከ ዛሬ በእሳቸው ስም ይጠራሉ። በ1898 አሜሪካና ስፔን በተዋጉበት ወቅት ደግሞ ቤይ ስቴት በተባለች የሆስፒታል መርከብ ላይ ሕመምተኛ ወታደሮችን አክመዋል።

እንዲህ ያለ ስም ያገኘ ወጣት በቤተ ሙከራ ውስጥ የተደላደለ ወንበር ይጠብቀው ነበር። በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል በተሕዋስያን ምርመራ ላይ የሚያተኩር ሥራ ቢቀርብላቸውም አልተቀበሉትም። ይልቁንም ክብሩ ዝቅ ያለውን የተመላላሽ ሕሙማን ክፍል መረጡ። በዚያ ክፍል በየዕለቱ የሚሰለፉት በአብዛኛው ድሆች ነበሩ፤ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ ከአውሮፓ የፈለሱ ቤተሰቦች፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች። ካቦት እዚያ ሆነው አንድ ነገር ልብ አሉ። ሐኪሙ ዕረፍት ያዛል፤ ታማሚዋ ግን አንድ ቀን ብትቀር ከሥራ ትባረራለች። ሐኪሙ ጥሩ ምግብ ያዛል፤ ቤቷ ግን ዳቦ የለም። ሐኪሙ የትዕዛዙን መጨረሻ አያይም፤ ታማሚዋም ተመልሳ አትመጣም። ሥራው ሁሉ ወዴት እንደደረሰ ሳይታወቅ ወደ ነፋስ እንደሚበተን ዘር ሆነባቸው።

ስለዚህ በ1905 በሆስፒታሉ የመጀመሪያዋን የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ቀጠሩ። ጋርኔት ፔልተን የተባለችው ነርስ በተመላላሽ ክፍሉ መተላለፊያ ጥግ ላይ ጠረጴዛ ተሰጥቷት የሕሙማኑን ኑሮ ትጠይቅ፣ ቤታቸውም ድረስ ትሄድ ጀመር። በዓመቱ አይዳ ካነን ተተክታ ሥራውን ለአሥርት ዓመታት መራችው። ሆስፒታሉ ግን አገልግሎቱን ወዲያው የራሱ አላደረገም፤ በይፋ የተቀበለው በ1919 ነው። እስከዚያው ወጪው በካቦትና በበጎ አድራጊዎች ትከሻ ላይ ነበር። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በሆስፒታሎች የሚገኘው የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል ታሪኩ ሲነገር ይህች የመተላለፊያ ጠረጴዛ ሳትነሣ አትታለፍም።

ካቦት በዚያው ዘመን ሌላ የማይነካ ጉዳይ ነክተዋል። ሐኪሞች ለታማሚ ደኅንነት ሲባል መዋሸትን እንደ ደግነት ይቆጥሩት ነበር። የሚገድል በሽታ ቀላል ነው ይባላል፤ መድኃኒትነት የሌለው እንክብል እንደ ፍቱን ይሰጣል። ካቦትም በሙያቸው መጀመሪያ በዚሁ ልማድ ያደጉ ናቸው። በኋላ ግን ለሕሙማን እውነቱን መናገር ጀመሩ፤ ውጤቱንም አስተዋሉ። በ1903 ባሳተሙት ጽሑፍ እውነት ታማሚን ይገድላል የሚለው ፍርሃት ከተግባር ልምድ ጋር እንደማይስማማ ተከራከሩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን የሀገራችንን ብሂል ባያውቁትም፣ መደበቅ ከታማሚው ብቻ ሳይሆን ከሐኪሙም ሊመጣ እንደሚችል ያወቁ ሰው ነበሩ።

ለታማሚ እውነት ይነገር ያለ ሐኪም ለራሱም እውነቱን መስማት ነበረበት። መልሱ ያለው በአስከሬን ምርመራ ክፍል ነው። አስከሬን ከፍቶ የሞትን ምክንያት መፈለግ ያኔ አዲስ ነገር አልነበረም። ጣሊያናዊው ጆቫኒ ባቲስታ ሞርጋኚ በ1761 ባሳተሙት ታላቅ ሥራ የበሽታ መቀመጫ በአካል ክፍሎች ውስጥ እንደሚገኝ በመቶዎች በሚቆጠሩ አስከሬኖች አሳይተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ታላላቅ ሆስፒታሎች የሟቾችን አስከሬን ይመረምራሉ፤ መዝገብም ይይዛሉ። በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የእያንዳንዱ ሟች ማኅደር ሁለት ቃል ይዞ ይቀመጥ ነበር። አንዱ ሰውየው በሕይወት ሳለ ሐኪሙ የጻፈው የበሽታ ስም ነው፤ ሌላው አስከሬኑ ተከፍቶ ፓቶሎጂስቱ የጻፈው። ሁለቱ ቃሎች በአንድ መደርደሪያ ላይ ለዓመታት ሳይተያዩ ኖረዋል። ካቦት ያደረጉት ሁለቱን ማፋጠጥ ነው።

በ1910 የ1 ሺህ አስከሬኖችን ውጤት በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት አወጡ። በ1912 ቁጥሩን ወደ 3 ሺህ አሳድገው ተመለሱ። ሠንጠረዡ ለሐኪሞች የሚያስደስት ክፍል ነበረው። የስኳር በሽታ ካለባቸው ሟቾች መካከል በሕይወት ሳሉ በሽታቸው በትክክል የታወቀላቸው 95 በመቶ ነበሩ። ታይፎይድ 92 በመቶ፣ ከልብ በሚወጣው ዋና የደም ሥር በር በኩል ደም ወደ ኋላ የሚመለስበት ሕመም 84 በመቶ ተለይተዋል። የሳንባ ምች 74 በመቶ፣ የጨጓራ ካንሰር ደግሞ 72 በመቶ ታውቋል።

ሠንጠረዡ ወደ ታች ሲወርድ ግን መልኩ ይለወጣል። የጉበት መጠንከር የታወቀው በ39 በመቶው ላይ ብቻ ነው። የጨጓራና የትንሹ አንጀት ቁስለት 36 በመቶ፣ የጀርባ አጥንት ቲቢ 23 በመቶ፣ ሥር የሰደደ የልብ ጡንቻ ሕመም 22 በመቶ። ከሁሉ በታች የሰፈረው አጣዳፊ የኩላሊት ብግነት ሲሆን የታወቀው በ16 በመቶ ሟቾች ላይ ነው። ይህ ማለት ኩላሊታቸው በዚህ ሕመም ከተጎዳ 100 ሰዎች ውስጥ 84ቱ ሐኪማቸው ሳያውቅላቸው ሞተዋል ማለት ነው። ይህ የሆነው ሐኪም በማይገኝበት ገጠር አይደለም፤ በአሜሪካ ከታወቁት የማስተማሪያ ሆስፒታሎች በአንዱ ነው።

የልዩነቱ ምክንያት የሐኪም ስንፍና ብቻ አልነበረም። የስኳር በሽታ በሽንት ምርመራ ራሱን ይገልጣል። ታይፎይድም በ1896 የተገኘ የደም ምርመራ ነበረው። የልብ በር ጉድለት በስቴቶስኮፕ ይሰማል፤ የልብ ትርታውም ይመሰክራል። እያንዳንዳቸው የሚታይ ወይም የሚሰማ ምስክር አላቸው። ሌሎቹ ግን ድብቅ ናቸው። ጉበት ብዙው ክፍሉ እስኪጎዳ ድረስ ዝም ብሎ ይሠራል። የጀርባ አጥንት ቲቢ ጎብጦ እስኪታይ ድረስ ተራ የወገብ ሕመም ይመስላል። በኩላሊት በኩል ደግሞ ያሳሳተው ራሱ ምስክሩ ነው። በሽንት ውስጥ ፕሮቲን ሲገኝ ኩላሊት ታሟል ማለት የተለመደ ነበር፤ ነገር ግን ትኩሳትም ሆነ የልብ ድካም ያንኑ ምልክት ያመጣሉ። ስለዚህ ስህተቱ ሁለት መልክ ነበረው፤ ያለ በሽታ ያመልጣል፣ የሌለ በሽታም ይሰጣል። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቢቆጠር ኖሮ ሐኪም የሚያመልጠውን እንጂ ፈጥኖ የሚገምተውን አይማርም ነበር።

ጥናቱ ሲወጣ ቁጣ ማስከተሉ አልቀረም። ከሙያ ባልደረቦች ብዙዎች የቤት ገመና አደባባይ እንደወጣ ቆጠሩት። ሕዝብ እንዲህ ያለ ነገር ከሰማ ሐኪምን ማን ያምናል የሚል ሥጋት ነበር። ሥጋቱ ፈጽሞ መሠረት የሌለው አልነበረም፤ እምነት ያጣ ታማሚ ወደ ሐኪም አይሄድም፤ መድኃኒቱንም አይወስድም። ክርክሩ በሳይንስ በኩልም ተነሥቷል። ወደ አስከሬን ክፍል የሚደርሰው የሞተው ብቻ ነው፤ በሽታው በጊዜ ታውቆ የዳነው በሠንጠረዡ ውስጥ የለም። አስከሬኑ እንዲመረመር የሚፈለገውም ብዙ ጊዜ ነገሩ ግራ ያጋባ ሰው ነው። ስለዚህ የካቦት ቁጥር የሐኪሞችን ሥራ ሁሉ ይመዝናል ማለት አይቻልም። ሆኖም ይህ ትችት የጥናቱን ፍሬ ነገር አያፈርሰውም። በየትኛው በሽታ ላይ ሐኪም ዓይኑ እንደሚደክም፣ በየትኛውም ላይ ራሱን መጠራጠር እንዳለበት ከዚያ በፊት በዚህ ስፋት ተቆጥሮ የቀረበ ሰነድ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር።

ካቦት መቁጠር ብቻውን እንደማይበቃ ያውቁ ነበር። ዋልተር ካነን የተባለ የሃርቫርድ ሕክምና ተማሪ በ1900 አንድ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ የሕግ ተማሪዎች እውነተኛ የፍርድ ጉዳዮችን እየተከራከሩ እንደሚማሩ ሁሉ የሕክምና ተማሪዎችም በእውነተኛ ሕሙማን ማኅደር ይማሩ የሚል። ካቦት ሐሳቡን ተቀብለው በ1906 በዚህ መንገድ የተዘጋጀ የማስተማሪያ መጽሐፍ አወጡ። በ1910 ደግሞ ከሆስፒታሉ ፓቶሎጂስት ከጄምስ ሆመር ራይት ጋር ሆነው የአስከሬኑን ክፍል ከመማሪያው ክፍል ጋር አገናኙት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የአንድ ሟች ማኅደር ይመረጣል፤ ሕመሙ እንዴት እንደጀመረ፣ ምን ምልክት እንደታየ፣ ምርመራው ምን እንዳሳየ በጽሑፍ ይቀርባል። የአስከሬን ምርመራው ውጤት ግን ይደበቃል። ከዚያ አንድ ልምድ ያለው ሐኪም በተማሪዎችና በባልደረቦች ፊት ይቆማል። ምልክቶቹን አንድ በአንድ እያነሣ፣ ይህ ሊሆን ይችላል፣ ያ ደግሞ በዚህ ምክንያት አይሆንም እያለ ሐሳቡን ጮክ ብሎ ያስባል። በመጨረሻም መሸሽ በማይቻልበት ሁኔታ አንድ የበሽታ ስም ይሰጣል። ያን ጊዜ ፓቶሎጂስቱ ተነሥቶ በአስከሬኑ ውስጥ የተገኘውን ይገልጣል። ተናጋሪው ልክ ከሆነ መንገዱን ተማሪዎች ይማራሉ፤ ከተሳሳተም የት ላይ እንደሳተ ሁሉም ያያል።

ካቦት ሌላውን አቁመው ከኋላ የተቀመጡ ሰው አልነበሩም። እሳቸው ራሳቸው ደጋግመው ቆመዋል፤ ደጋግመውም ተሳስተዋል። አንቱ የተባለ ፕሮፌሰር በተማሪዎቹ ፊት ስህተቱን ሲቀበል ማየት ለዘመኑ ተማሪ እንግዳ ነገር ነበር። ማኅደሮቹ መጀመሪያ ለተመዝጋቢ ሐኪሞች በፖስታ ይላኩ ነበር። ከ1920ዎቹ አጋማሽ በፊት የቦስተን የሕክምናና የቀዶ ሕክምና መጽሔት በየጊዜው ያትማቸው ጀመር። ይህ መጽሔት በ1928 ስሙን ለውጦ ዛሬ በዓለም የታወቀው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ሆኗል። የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ማኅደሮችም በዚሁ መጽሔት ለረጅም ዘመን ሲታተሙ ኖረዋል።

በ1912 ካቦት ከሆስፒታሉ የውስጥ ደዌ ክፍሎች የአንዱ ኃላፊ ሆኑ። ሹመቱ አንደበታቸውን አላሳሰረውም። ሐኪሞች ብዙ በሽታ በትክክል እንደማያውቁ፣ በየግሉ ተበታትኖ ከመሥራት በአንድነት ተደራጅቶ መሥራት እንደሚሻል በአደባባይ ተናገሩ። በ1915 አካባቢ የማሳቹሴትስ ሕክምና ማኅበር አባላት ሙያውን አዋርደዋል በማለት ክፉኛ ተነሡባቸው፤ ነገሩ ከማኅበሩ ይባረሩ እስከማለት ደርሶ ነበር። አለባበሳቸውም ሆነ ንግግራቸው የቦስተን ባላባት የሆነው ካቦት በገዛ ወገናቸው መካከል እንግዳ ሆኑ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወደ ፈረንሳይ ተሻግረው በቦርዶ አካባቢ በነበረው የአሜሪካ ጦር ሆስፒታል አገልግለው ሲመለሱ የሕይወታቸው አቅጣጫ ተለወጠ። በ1920 በሃርቫርድ የማኅበራዊ ሥነ ምግባር ፕሮፌሰር ሆነው ወደ መጀመሪያው ፍቅራቸው፣ ወደ ፍልስፍናው ተመለሱ።

የኋለኛው ዘመናቸውም ሥራ አልጎደለውም። በ1926 ለዓመታት ከተሰበሰቡት የአስከሬን መዛግብት ተነሥተው ስለ ልብ በሽታ መጽሐፍ አሳተሙ። ካህናት በሕሙማን አልጋ አጠገብ ቆመው አገልግሎታቸውን በተግባር እንዲማሩ ደገፉ። በ1894 ያገቧቸው ባለቤታቸው ኤላ ላይማን የሥነ ምግባር መምህርትና ደራሲ ነበሩ፤ ልጅ አልነበራቸውም። ኤላ በ1934 አረፉ። ካቦት በ1935 ወደ ጥፋት ሊያዘነብሉ ይችላሉ የተባሉ ወንዶች ልጆችን በምክርና በእርዳታ የመደገፍ ፕሮጀክት በቦስተን አቅራቢያ በሚገኙት በካምብሪጅና በሶመርቪል ከተሞች ጠነሰሱ። በዚህም ሥራ የድሮ ጠባያቸው አልተለያቸውም። ልጆቹን በሁለት ወገን አስመደቡ፤ አንዱ ወገን እርዳታ ያገኛል፣ ሌላው ለማነጻጸሪያ ይቆያል። መልካም ሐሳብም ቢሆን መመዘን አለበት ብለው ያምኑ ነበር። ውጤቱን ሳያዩ በ1939 በ70 ዓመታቸው ዐረፉ።

ሚዛኑ ግን ከእሳቸው በኋላም ሠርቷል፤ ለእሳቸውም አላዳላም። ተመራማሪዋ ጆን ማኮርድ ልጆቹን ከ30 ዓመት በኋላ ፈልገው አግኝተው በ1978 ውጤቱን አወጡ። እርዳታ ያገኙት ካላገኙት የተሻለ ሕይወት አልኖሩም፤ በአንዳንድ መለኪያዎች እንዲያውም ብሰዋል። በደግነት የታሰበው ሥራ ጉዳት እንዳስከተለ ያሳወቀው ካቦት ራሳቸው በመጀመሪያው ቀን ያስቀመጡት ማነጻጸሪያ ነው። ያ ባይኖር ኖሮ ብዙዎቹ ተረጂዎች እንደተጠቀሙ በመናገራቸው ፕሮጀክቱ እንደተሳካ ይቆጠር ነበር።

የአስከሬኑ ጥያቄም አልተዘጋም። በ1983 በዚያው በቦስተን የሚገኝ ሌላ ታላቅ ሆስፒታል ሐኪሞች የ1960፣ የ1970ና የ1980 ሟቾችን ከየዓመቱ 100 አስከሬን መርጠው አነጻጸሩ። በመካከሉ አልትራሳውንድና ሲቲ ስካን መጥተዋል። ይሁን እንጂ በየዘመኑ ከ10 ሟቾች በአንዱ ገደማ፣ በጊዜ ቢታወቅ ኖሮ ሕክምናውን የሚለውጥና ዕድሜ ሊያራዝም ይችል የነበረ በሽታ ሳይታወቅ ቀርቷል። በ2003 የታተመ ሰፊ ግምገማ ስህተቱ በአሥርት ዓመታት ውስጥ እየቀነሰ መምጣቱን አሳይቷል፤ ሆኖም ፈጽሞ አልጠፋም።

የቀነሰው ሌላም ነገር አለ፤ እሱም ምርመራው ራሱ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በአሜሪካ ሆስፒታሎች ከሚሞቱት ሰዎች ግማሽ ያህሉ አስከሬናቸው ይመረመር ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሆስፒታሎች እውቅና ለማግኘት ይጠበቅባቸው የነበረው ዝቅተኛ የምርመራ መጠን ተነሣ። ወጪው ከባድ ነው፤ ቤተሰብም በሐዘን ሰዓት ፈቃድ ለመስጠት ይቸገራል፤ ሐኪሙም ምስል የሚያነሣውን መሣሪያ አምኖ መጠየቅ ይተዋል። ዛሬ ያ ቁጥር ከ10 በመቶ በታች ወርዷል። ካቦት 3 ሺህ ማኅደሮችን ማፋጠጥ የቻሉት ከእሳቸው በፊት የነበሩ ሐኪሞች አስከሬኑን መርምረው፣ ፓቶሎጂስቶችም ያዩትን በታማኝነት ጽፈው ስለቆዩዋቸው ነው። ያልተጻፈ ነገር አይነጻጸርም። ከሟቹ ሊገኝ የሚችለው ትምህርት ለቀጣዩ ታማሚ የሚደርሰው ደግሞ መዝገቡን የሚጽፍ እጅና ስህተቱን ለማንበብ የሚደፍር ሐኪም ሲኖሩ ብቻ ነው።